«እናቴ ውሻ ከገባ እወጣለሁ ትላለች፤ ልጄ ግን ውሻ ይለምነኛል»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ36 ዓመት ሴት ስሆን በአዲስ አበባ ኮልፌ አካባቢ ከእናቴና ከ10 ዓመት ወንድ ልጄ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እናቴ ናት።

ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል። ደጃፋችን ላይ የምትውል፣ የማን እንደሆነች የማይታወቅ አንዲት ቡናማ ውሻ አለች። «ቡቺ» የሚል ስም አውጥቶላት ከምሳ ዕቃው የተረፈውን ይሰጣታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄዳ ትቀበለዋለች። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው፤ «ውሻ እናሳድግ» ማለቱንም አልተወም።

ጥር ላይ ሌባ በጓሮ በኩል ገብቶ የጋዝ ሲሊንደራችንን ወሰደ። ይህን የሰማው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የጓደኛው ጀርመን ሼፐርድ እንደወለደችና ለፋሲካ አንድ ወንድ ቡችላ እንደሚያመጣልን ነገረን። ቡችሎቹ አሁን 3 ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ለፋሲካም የቀረው 2 ሳምንት ነው። ቀን በሰንሰለት አስረን ሌሊት ብንለቀው፣ አልፎ አልፎም ሚጥሚጣ በሥጋ ብንሰጠው ማንም ሰው ወደ ግቢያችን ዝር እንደማይል ይናገራል። ከሐዘናችን ቀን ጀምሮ ከጎናችን ያልተለየ ሰው በመሆኑ እምቢ ማለት ከብዶኛል።

እናቴ ግን «ውሻ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ብላለች። በልጅነቷ ታናሽ ወንድሟን ያበደ ውሻ ነክሶት ሞቶባታል። እኔም ውሻ አሳድጌ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ። ቡችላውን ልቀበል፣ የደጇን ውሻ ላስገባ ወይስ ነገሩን ጨርሼ ልተወው?

የቸገራት እናት፣ ከኮልፌ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አንድ ውሻ ቢያወራም፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች የሚፈልጉት የተለያየ ነገር ይመስለኛል። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀበለው ይፈልጋል፤ አጎቱ የወንድሙ ቤት እንዳይደፈር ይፈልጋል፤ እናትዎ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ በልባቸው ይዘውት የኖሩትን ሞት ዳግመኛ ማየት አይፈልጉም። የእርስዎን ፍላጎት ግን ፈልጌ አጣሁት፤ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ፍርሃትዎን ብቻ ነው። ስለዚህ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሌባም ባይገባ፣ ልጅዎም ባይለምን፣ ግቢዎ ውስጥ ውሻ ቢኖር ደስ ይልዎታል? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ነገር ግን ውሻ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዓመት የሚኖር እንስሳ በመሆኑ፣ ዛሬ የመጣ ቡችላ ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ ከእርስዎ ጋር የሚቀር መሆኑን ከወዲሁ ቢያስቡበት ይሻላል።

ከእናትዎ ልጀምር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከውሻው ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸውና። ማንም ያምጣው ማን፣ ውሻ ጌታዬ የሚለው ቀኑን አብሮት የሚውለውን ሰው ነው፤ እሳቸው እሺ ሳይሉ የገባ ውሻ ደግሞ የቤቱን ሰላም ይዞ ይወጣል።

ፍርሃታቸውን «የድሮ ሰው ነገር» ብለው እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በበሽታው ከሚያዙ 100 ሰዎች 99ኙ የሚያዙትም ከውሻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ውሻው ማበዱ ከመታወቁ ከቀናት በፊት ጀምሮ ምራቁ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። እናትዎ ይህን በዓይናቸው አይተውታል። ምናልባት ያልደረሳቸው የነገሩ ሌላ ግማሽ ነው፤ ይኸውም ውሻው በወቅቱ ከተከተበ በሽታውን መከላከል እንደሚቻል፣ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክትባቱን ከጀመረና ከጨረሰ ከሞት ሊተርፍ እንደሚችል ነው። ለታናሽ ወንድማቸው ይህ ሳይደርስለት ቀረ። እናንተ የምትኖሩበት ኮልፌ ግን ክትባቱ ለረጅም ዘመን ሲመረት ከኖረበት፣ የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ ከሚጠራው ከጉለሌው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነው።

ታዲያ እንዴት ያነጋግሯቸው? ልጅዎ በሌለበት ሰዓት፣ ምናልባት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ፣ ስለ ውሻ ምንም ሳያነሡ «እማዬ፣ ስለ ወንድምሽ ንገሪኝ» ብለው ቢጀምሩስ? ስሙን፣ መልኩን፣ የዚያን ቀን ማን አብሯቸው እንደነበረ ይጠይቋቸው። በዚያው ቀን ፈቃድ አይለምኑ። ከቀናት በኋላ ወደ ጉዳዩ ሲመለሱ «ምን ቢሟላ ትስማሚያለሽ?» ብለው ቅድመ ሁኔታውን እሳቸው እንዲያወጡት ያድርጉ። ውሻው ከበረንዳው ደረጃ አይለፍ፣ ማጀት አይግባ፣ ያልተከተበ ውሻ ግቢዬን አይርገጥ ቢሉ ሁሉም ተገቢ ነው፤ ውሻ ከቤት ውጭ ቢያድርም ሰው እስካልራቀው ድረስ ደስ ብሎት ይኖራል። የክትባት ካርዱንም የቤቱ ካርታና የመብራት ደረሰኝ በሚቀመጥበት ቦታ እሳቸው ይያዙት፤ የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነ ከእናንተ ሁሉ አስቀድመው የሚያስታውሱት እሳቸው እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ቡችላው ልምጣ። ጀርመን ሼፐርድ አስተዋይና ታማኝ ውሻ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በግ እየጠበቀ ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ ታስቦ የተዳቀለ ዘር በመሆኑ ሥራ ካልሰጡት ራሱ ሥራ ይፈጥራል። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ስለሚመዝን ገመዱን ይዘው የሚያንሸራሽሩት የ10 ዓመት ልጅዎና እናትዎ ሊሆኑ አይችሉም፤ የሚቀሩት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ደክሞዎት። ቡችላነቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይበላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ይሸናል፤ 4 ወር ሲሞላው ጥርሱን መቀየር ስለሚጀምር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። እናትዎ ያሰጡትን ነጠላ ጎትቶ ሲያወርድና እሳቸው ዱላ ሲያነሡ ይታየኛል።

ጊዜውም አልደረሰም። ዛሬ የ3 ሳምንት ከሆነ ለፋሲካ የ5 ሳምንት ይሆናል ማለት ነው። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት የለበትም፤ በጨዋታ መካከል ንክሻው ሲበረታ ወንድሙ ጮኾ ሲሸሸው ጥርሱን መመጠን የሚማረው በእነዚህ ሳምንታት ነውና። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ የሚማረው በልጅዎ እጅ ላይ ይሆናል። በየመንገዱ ዳር በካርቶን ይዘው የሚሸጡት ልጆች «2 ወር ሞልቶታል» ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ አፉን ከፍቼ አያለሁ፤ 8 ሳምንት የሞላው ቡችላ እንደ መርፌ የሾሉ 28 የወተት ጥርሶች ሊኖሩት ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው ገና ድዱን እየበሱ ያሉ ጥቂቶችን ነው። በዚያ ላይ የእብድ ውሻ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ነው። ለእናንተ ቡችላ ይህ ጰራቅሊጦስ አካባቢ ይውላል፤ እስከዚያ ድረስ የእናትዎን ዋና ቅድመ ሁኔታ ማሟላት አይችልም።

ስለዚህ ሐሳቤን ልንገርዎ፤ እኔ ብሆን ቡቺን እመርጥ ነበር። ሰው ውሻ ሲመርጥ መልኩንና ዘሩን አይቶ ጠባዩን በኋላ ይደርስበታል፤ እናንተ ግን ሳታስቡት አንዲትን ውሻ ዓመት ሙሉ ፈትናችኋታል። ልጅ ሲጮኽ፣ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ፣ ምግብ ስትበላ ሌላ ውሻ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ልጅዎ ያውቃል። የሀበሻ ውሻ ብርዱንም ሙቀቱንም የለመደች፣ በጥቂት የምትጠግብ፣ እንግዳ ሰው አጥሩን ሲነካ ሰፈር የምትቀሰቅስ ናት፤ ለእናንተ ግቢ ጥበቃ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። «ሴት ውሻ አታምጡ» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። ምክንያቱም በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ፍላጎቷ ሲመጣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በር ላይ ይሰለፋል፤ ከተጠቃች ደግሞ በ63 ቀን ገደማ ግቢው ቡችላ በቡችላ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ማምከን ስለሆነ ሐኪሙን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁት።

ሆኖም በጥድፊያ አታስገቧት። በመጀመሪያ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቁ፤ ባለቤት ካላት የሰው ውሻ መውሰድ ይሆናል። ልጅዎንም ሳይቆጡ፣ አንድም ቀን ነክሳው ወይም ጥርሷ ቧጥሮት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት፤ «ትከለክለኛለች» ብሎ ሊደብቅ ስለሚችል እውነቱን ቢናገር እንደማይቆጡ አስቀድመው ይንገሩት። ነክሳው ከነበረ፣ ቢቆይም እንኳ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገው ለአንድ ሳምንት ያህል ምግቧን ከግቢው ውስጥ ይስጧት፤ ራሷ ገብታ መተኛት ስትጀምር ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። መኪና ውስጥ ገብታ የማታውቅ ውሻ ጎትቶ ክሊኒክ ከመውሰድ ይህ ይቀልላል። የእብድ ውሻ ክትባት፣ የሌሎች የውሻ በሽታዎች ክትባት፣ የትላትል መድኃኒትና የቁንጫና የመዥገር መከላከያ በዚያው ቀን ይነጋገሩ። ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጠው የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ውሻ ይገድላል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ባልፍ ለእናትዎ ታማኝ አልሆንም። የጎዳና ውሻ ከመከተቧ በፊት በሽታው ገብቶባት ከሆነ ክትባቱ አያድናትም፤ በሽታው ደግሞ ሳይታይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጅዎ ፊቱን እንዳታስልሰው፣ ከነካት በኋላ እጁን እንዲታጠብ፣ ትንሽም ብትሆን የጥርስ ጭረት ካገኘው ወዲያው እንዲናገር ያድርጉ። ጠባይዋ በድንገት ቢለወጥ፣ መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ ለሐጭ ብታዝረበርብ ወይም የኋላ እግሯ ቢከዳት ማንም ሳይነካት ሐኪሙ ይጠራ።

ምግብን በተመለከተ በቤታችን የተለመደው ትራፊ መስጠት ነው። ችግሩ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ስለዚህ ለእሷ ለብቻው የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ጋር ቀቅለው በቀን ሁለት ጊዜ ይስጧት፤ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት። የሁዳዴን 55 ቀን አስቀድመው ያስቡበት። እኔ የመጀመሪያዋን ውሻዬን ባሳደግኩበት ዓመት ሥጋ ቤቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ነው የባነንኩት፤ እንቁላል እየቀቀልኩ ጾሙን አወጣኋት፤ ጎረቤቶቼም የእንቁላሉን ሽታ ሰምተው ምን ብለውኝ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው። በበዓል ቀን ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የዶሮ ወጥ አጥንት ሲበስል እንደ ስንጥር ስለሚሰነጠቅ አይስጧት። በግ ሲታረድ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ጥሬውን መወርወርም ይቅር፤ በላዩ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር የሚታይበት ከሆነ በውስጡ ያለው ትል በውሻዋ ሆድ አድጎ፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ወጥቶ ወደ ሰው ጉበትና ሳንባ ይገባል። እንዲህ ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ውሻዋን ለእሱ ኃላፊነት አድርጎ መስጠት ጥሩ ቢሆንም ሸክሙን ሁሉ መጣል አይገባም። የ10 ዓመት ልጅ ጠዋት ውሃ መቀየርና ከትምህርት ቤት መልስ አብሯት መጫወት ይችላል፤ ክትባት፣ ምግብና የታመመች ውሻ የእርስዎ ናቸው። ስትበላና ስትተኛ እንዳይነካት፣ አንገቷን አቅፎ እንዳይጨምቃት፣ ከንፈሯን እየላሰች ፊቷን ስታዞር ወይም ሰውነቷ ገትሮ ሲቆም «ተወኝ» ማለቷ መሆኑን ያስተምሩት። ከዚህ ሌላ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ10 ሰዓት ጀምሮ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ባለው ጊዜ ልጅዎ ስለ አባቱ የሚያወራለት ሰው አለ? ቡቺ ታዳምጠው ይሆናል፤ መልስ ግን አትሰጠውም። ማታ ማታ ምግቧን አብራችሁ ስትሰጡ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጎን ለጎን በመቆም ብቻ የሚወጣ ወሬ እንዳለ ወላጅ ያውቃል።

የቀረው አጎቱ ነው። ስለ ሰንሰለቱና ስለ ሚጥሚጣው የተናገረው ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሚጥሚጣ የውሻን ሆድ ከማቃጠል በቀር ጀግና አያደርገውም፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻም ፍርሃቱ ስለሚበዛ ሌባውንና የጎረቤት ልጁን ለይቶ አይነክስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደሆነ ስለሚደነግግ፣ ዕዳው የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለእሱ እንደ ክርክር አያቅርቡለት። «አንተ ስላሰብክልን ደስ ብሎኛል፤ ግን ቀን የሚይዘው ሰው ስለሌለ ቡችላው ይጎዳብናል፤ እማዬም የምትቀበለው የተከተበ ውሻ ብቻ ነው» ቢሉት የሚከፋው አይመስለኝም። እሱ የሚፈልገው ለወንድሙ ቤት አንድ ነገር ማድረግ ነውና የሚያደርገውን ነገር ይስጡት።

ሌባው የገባው በጓሮው አጥር ነው፤ ያንን አጥር ያጥብቀው፤ ቡቺም እንዳታመልጥበት ሥሩን በድንጋይ ይድፈነው። ከዚያ የውሻ ቤት ይሥራ፤ ቆማ መዞር የምትችልበት ስፋት ይኑረው፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አይዙር። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ በረዶ ሲወርድ ጩኸቱ ስለሚያስደነግጣት ከሥሩ ጣውላ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ደርቦ ይምታበት። ሰኔ ሳይገባ ቢጨርሰው ጥሩ ነው፤ ሚስማሩን ልጅዎ ያቀብለው።